ይርገዱ ባሏን አላስራበችም

ሪሃና በነርስነት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። እጇ ለመርፌ ቀላል፣ አፏ ግን ችኩል ነበር።

በ2008 ዓ.ም. መሪጌታ ሐብተ ማርያም የሚባሉ የድብ ባሕር መንደር የቅኔ መምህር የጨጓራ ካንሰር ታመው እሷ የምትሠራበት የጎንደር ሆስፒታል ገቡ። ሚስታቸው ይርገዱ ካጠገባቸው አትጠፋም። አጥሚት ታቀርባለች፣ ፍትፍት ታጎርሳለች፤ እሳቸው ሁለቴ ውጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አልጋው ላይ ጋቢ ብቻ የተኛ መሰለ።

አንድ ጠዋት የመሪጌታ ወንድም ካሣዬ ከዘመዶቹ ጋር ሊጠይቅ መጥቶ ሳለ፣ ሪሃና የምግቡ ሳህን እንዳልተነካ አየች።

«ምነው እናቴ?» አለች ጮክ ብላ። «ሰውዬው በርሃብ እያለቁ እኮ ነው! ካላበላሻቸው መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?»

ይርገዱ ነጠላዋን አፏ ላይ ሰበሰበች። ካሣዬም ዘመዶቹም ሰምተዋል።

መሪጌታ በሰኔ ዐረፉ።

በጥቅምት ለነርሶቹ ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ ሐኪም ካንሰር የምግብ ፍላጎትን ራሱ እንደሚያጠፋ፣ በሽተኛው ቢበላም ሥጋው ሊያልቅ እንደሚችል፣ በግድ ማጉረስም ጭንቀት እንጂ ክብደት እንደማይጨምር አስረዳ። ሌሎቹ ይጽፋሉ። ሪሃና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚህ ሁሉ ዓመት ስንቷን ሚስት፣ ስንቱን ልጅ ተቆጥታ ይሆን?

ቅዳሜ ድብ ባሕር ወረደች። ይርገዱን ቤቷ ውስጥ ብቻዋን አገኘቻትና የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት።

«እኔማ አውቀው ነበር ልጄ» አለች ይርገዱ። «ምግቡን ሲያዩት ይጨንቃቸው ነበር። አገሩ ግን ባሏን አስርባ ገደለች ይለኛል። ለኔ ሳይሆን ለነሱ ንገሪ።»

ካሣዬን ከማሳው ዳር ሣር ሲያጭድ አገኙት።

«አያ ካሣዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሪሃና። «ሳላውቅ ነው የተናገርሁት። ወንድምዎን ያከሳቸው በሽታው ነው፤ እሷ አላስራበቻቸውም።»

ካሣዬ ቀና አለ። «ያን ጊዜ ነጭ ጋውን ለብሰሽ ነበር፤ የተማረች ናት ብለን አመንንሽ። አሁን የትኛዋን እንመን?»

«ያሁኗን።»

ካሣዬ ወደ ማጭዱ ተመለሰ።

ይርገዱ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት። መንገድ ላይ ሁለት የሰፈር ሴቶች አገኟቸው። ለሪሃና እጅ ነሥተው አለፉ። ለይርገዱ ምንም አላሉም፤ እሷም ሰላምታ አልጠበቀችም።