በ«እርስዎ» የተተረጎመ ፍቅር

ደመላሽን ደምበጫ ውስጥ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። አባቱ ቤተ እስራኤላዊ ሸማኔ ነበሩ፤ ልጁ ፊደል ሳይጨርስ ቤተሰቡን ይዘው እስራኤል ገቡ። እዚያ አድጎ በዕብራይስጥ የሚጽፍ ገጣሚ ሆነ፤ ያ አልበቃ ብሎት ዳንሰኛም ሆነ። ሐይፋ ውስጥ ከሚወደው ወንድ ጋር ይኖራል። የፍቅር ግጥሞቹ ለማን እንደተጻፉ እዚያ ያልሰማ አንባቢ የለም። ደምበጫ ግን ሌላ አገር ነው።

አምና የእናቱ እኅት የእትዬ ሽታዬ ልጅ ስትዳር መጣ። ሠርገኛው «የውጭውን ጨዋታ አሳየን» አለው። በእስክስታ ጀመረ፤ ትከሻው የጎጃም ነውና ተጨበጨበለት። ኋላ ግን በለመደው መድረክ እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተዘረጋና ዓይኑን ጨፈነ። የሙሽራዋ አጎት አያ እንዳላማው፣ ልጁ ራሱን ሳተ ብሎ አንድ ጆግ ውሃ ቸለሰበት። ደመላሽ እንደ በሰበሰ ተነሥቶ እጅ ሲነሣ ጭብጨባው ባሰ። ውሃውም የጨዋታው ክፍል የመሰላቸው ነበሩ።

በማግስቱ እትዬ ሽታዬ ግጥሙን በአማርኛ እንዲያሰማቸው ጠየቁት። ሟቹ ባላቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ጆሯቸው በዋዛ አይታለፍም። ደመላሽ ጨነቀው። «አንቺ» ብሎ መዋሸት ጠላ፤ «አንተ» ማለት ፈራ። ስለዚህ በቃሉ እየተረጎመ በ«እርስዎ» ተወጣው፤

«ሲስቁ የባሕሩ መስኮት ይከፈታል፤
ሲሄዱ ትራስዎን ታቅፌ እውላለሁ...»

እትዬ ሽታዬ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ትራስ አቅፎ እርስዎ?» አሉት። «ምነው፣ ቄሰ ገበዝ ናቸው እንዴ?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

«በዕብራይስጡስ አንተ ነው የሚለው፣ እቴቴ።»

እትዬ ሽታዬ መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ። ደስ አላቸው ማለት አይቻልም፤ አልተቆጡም ግን። ለጎረቤት እንዳይናገር አጥብቀው አስጠነቀቁት፤ ከዚያ ግጥሙን እንደ ተጻፈው በ«አንተ» እንዲደግምላቸው አዘዙት። ደገመው።

«አሁን ቤት መታ» አሉ። «ስሙ ማን ነው?»

«ኢታይ።»

«አይታይ?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ለዚህ አገርስ ልክ ነው ስሙ።»

ሲሸኙት ሰውየው በርበሬ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። አይችልም ነበር። እየታዘቡት ነጭ ሽሮ ቋጠሩለት።