አጥር ላይ የታዘለው ዱባ

ሊወስዱኝ ሲመጡ እጄ ላይ ሲባጎ ነበር። ቂርቆስ ባለው ግቢያችን፣ ጠዋት ፀሐይ በሚመታው የቆርቆሮ አጥር ላይ የዱባ ሐረግ እያሰርኩ ነበር። ቆርቆሮው ሲግል ለጋውን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ እናቴ ሁልጊዜ ጆንያ ታለብሰዋለች። ፍሬው ሲከብድ ደግሞ በአሮጌ ነጠላ እንደ ሕፃን ታዝለውና ሁለቱን ጫፍ አጥሩ ላይ ትቋጥራለች።

የፈለጉኝ ካዛንቺስ ካለው መሥሪያ ቤቴ ስለወጣ አንድ አቤቱታ ነበር። ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አልካድኩም።

«እማዬ፣ ልጄንና ዱባውን አደራ» አልኩ።

«አንቺን ለቂርቆስ ሰጥቻለሁ። የዱባውን እኔ አውቃለሁ፤ ሂጂ» አለች። ሰዎቹን ቀና ብላ አላየቻቸውም።

የታሰርኩበት ክፍል ስድስት ሴቶች የሚተኙበት ባዶ ሲሚንቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ መዳፍ የምታክል ፀሐይ ግድግዳው ላይ ታርፋለች። ፈታሿ የፀጉር መርፌዬን ወሰደች፤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬያቸው የነበሩትን ሰባት የዱባ ዘሮች ግን ዳብሳ ተወቻቸው።

ጠያቂ አይገባም። ምግብ ብቻ በር ላይ ይቀበላሉ። እናቴ ምሳ ዕቃውን አድርሳ የትናንቱን ባዶ ይዛ ትመለሳለች። እኔም የቤቴን ነገር የማውቀው ከምሳ ዕቃው ነበር። በፍልሰታ ለጋ የዱባ ቅጠል እንደ ጎመን ተሠርቶ መጣ። ሐረጉ አጥሩን ወጥቷል ማለት ነው። በጽጌ ጾም የዱባ ወጥ መጣ፤ እናቴ እንደምትሠራው፣ ከነልጣጩ።

አጠገቤ የምትተኛዋ የወሎ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ሙስሊም ናት። አጎረስኳት።

«የናንተ ጾም ከኛ ሥጋ በለጠ እኮ! በቃ፣ እማማ እኔንም ልጅ ያድርጉኝ በያቸው» አለች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

የገና ጾም ገብቶ አንድ ሰኞ ምስር ወጥ መጣ። ጥቁር አዝሙድ የበዛበት፣ የግራ ጎረቤታችን እጅ። እናቴን ጉንፋን ይዟት ይሆናል አልኩ። ማክሰኞ የታች ግቢዋ ሴትዮ ሽሮ መጣ። ረቡዕ የሌላ ቤት ወጥ። ሐሙስ ክዳኑን ስከፍት ከእንጀራው ጎን አንድ ጭብጥ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ አለ።

እጄን ሰበሰብኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ነጋዴዋ።

«እናቴ ሞታለች።»

«ምን ታሟርቻለሽ? ንፍሮ እኮ እንዲሁም ይበላል።»

«ሦስት ቀን የሦስት ጎረቤት ወጥ፣ ዛሬ ንፍሮ። ይሄ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው።»

ነጠላዬን ከትከሻዬ አንስታ ለሐዘን አዘቅዝቃ አለበሰችኝ። «መርዶ እንኳ በወጉ ይከልከልሽ?» ብላ ከእኔ በፊት አለቀሰች። መጮኽ ክልክል ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።

ከዚያ ምሳ ዕቃውን አጠብኩት። የነጠላዬን ጫፍ ቀድጄ ሰባቱን ዘሮች ቋጠርኩና ውስጡ አስቀመጥኩ። ምሳ ዕቃ ለምታመላልሰው ፖሊስ በሁለት እጄ ሰጠኋት። አለባበሴን አየች።

«ማን ነገረሽ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቤ ምናልባት እያልኩ ነበር።

«ምግቡ» አልኳት።

ቋጠሮውን ፈታች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«ዘር ነው። ለአጥራችን።»

መልሳ ቋጥራ ምሳ ዕቃው ውስጥ ከተተችው።

በቀጣዩ ክረምት ተፈታሁ። ልጄ በሩን ስትከፍትልኝ አጥሩ ለምልሞ ነበር። ሰባቱም በቅለዋል፤ ቆርቆሮው ጆንያ ለብሷል። ልጄ የአያቷን ነጠላ ከጓዳ አምጥታ፣ «እማዬ፣ ሲከብድ በዚህ ነው አይደል የምናዝለው?» አለችኝ። ጮኼ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤቶቼ እናቴን ቀበሩ፤ ልጄን አበሉ፤ እኔንም አልረሱም። እግዚአብሔር ይስጣቸው። እንዳልሰማ ተማምለው ነበር አሉ። ልጄ እንዳየችው፣ የሐሙሱን ምሳ ዕቃ የሞላችው የግራ ጎረቤታችን ናት። ከድንኳኑ ወደ ጓዳ ገብታ፣ ጾም ነው ብላ፣ ሳታስበው ከለቅሶው ንፍሮ ጨመረችበት። እስከ ዛሬ ፖሊሶቹ የነገሩኝ ይመስላታል።

በየዓመቱ የመጀመሪያውን ዱባ ለእሷ እሰጣታለሁ።

«ምነው ሁልጊዜ ለኔ?» ትለኛለች።

«ለዱባ እጅሽ ይጥማል» እላታለሁ።