የሚስተር ዋልተር አፍንጫ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ወረቀት ማጠፍ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ኮሎምበስ በገባሁ በአራተኛው ወር፣ ከምኖርበት ሰፈር ከሊንደን በክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ወደ መሀል ከተማ ወረድኩና ሚስስ ዶሮቲ የሚባሉ ሴትዮ የበዓል ካርድ በእጅ የሚያሠሩበት ቤት ገባሁ። የቤቱ ባለቤትም አለቃም እሳቸው ነበሩ። ከአጥንት የተሠራ፣ የማንኪያ እጀታ የሚያህል ማጠፊያ ሰጡኝና፣ «ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ ካርድ አይባልም» አሉኝ። እስከ ምሳ ያጠፍኩትን አንድ በአንድ አይተው ግማሹን ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

ተናደድኩ። እኔ እኮ የሠዓሊ ልጅ ነኝ። አባቴ ጎጃም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሥል ነበር፤ እኔም ለዓመታት ከአጠገቡ ሆኜ የመላእክት ክንፍ ቀብቻለሁ። እዚህ መጥቼ ወረቀት ማጠፍ አይችልም ልባል? ከምሳ በኋላ ያጠፍኩት ግን አንድም አልተጣለም።

በዚያ ቤት ማዕረግ ነበረ። ከታች አጣፊ፣ ቀጥሎ ለጣፊ፣ ከዚያ ቀለም ቀቢ፣ ከዚያ የደንበኛውን ስም በብዕር የሚጽፍ። ከሁሉ በላይ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ የምትቀመጠው ሠዓሊዋ ሔለን ነበረች። ደንበኛው የቤቱን፣ የውሻውን ወይም የልጆቹን ፎቶ ያመጣል፤ ሔለን አይታ ትሥላለች፤ ካርዱ የዚያ ቤተሰብ ብቻ ይሆናል። ጠረጴዛውን ገና በመጀመሪያው ቀን አይቼ የኔ ነው አልኩ፤ በሆዴ ነው ታዲያ።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ ስም መጻፊያው ድረስ ለመውጣት። ሊንደን ውስጥ ቤት የምንጋራው ጋሼ መኮንን በኔ ነገር ይገረሙ ነበር። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ከወረቀት ጋር ተጋባህ እንዴ?» ይሉኛል። «አንድ ፋክትሪ እየቀጠረ ነው፣ ኦቨርታይም አለው፣ ኢንሹራንስ አለው። ሂድና አፕላይ አድርግ!»

«ጠረጴዛውን ሳልይዝ አልወጣም» እላቸዋለሁ።

«ይኸው ግትርነትህ ነው የሚጨርስህ» ይሉና ይስቃሉ።

በሦስተኛው ዓመት፣ የገና ትዕዛዝ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ ሔለን በረዶ ላይ ተንሸራታ እጇን ተሰበረች። ሚስስ ዶሮቲ ጠሩኝ። «መሣል እችላለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«እችላለሁ።»

«ሔለን ላትመለስ ትችላለች። ይህን የገና ሰሞን በደንብ ከተወጣኸው ጠረጴዛው ያንተ ነው።»

የመጀመሪያ ትዕዛዜ ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ከሚኖሩ ሚስስ ሩት ከሚባሉ አሮጊት መጣ። አርባ ካርድ ነው። በካርዱ ፊት ላይ አምስት የቤተሰብ ሰዎች ከጥቁር ወረቀት በመቀስ ተቆርጠው ይለጠፋሉ፤ ሁሉም በጎን የሚታዩ፣ ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ብቻ የሚለያቸው። ፈረንጆቹ ሲሉዌት ይሉታል። ፎቶዎቹም በጎን የተነሡ ነበሩ። ከትዕዛዙ ግርጌ በእጃቸው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ባለቤቴ ዋልተር ከጥቂት ወራት በፊት አርፏል። ዘንድሮም ከእኛ ጋር ይሁን።»

መቀሱን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። በአባቴ ሙያ ሥርዓት አለ። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ ሁለት ዓይኖቹ ተከፍተው ይሣላል። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ነው፤ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች፣ ሰይጣን። ይሄ ሲሉዌት የሚሉት ደግሞ ባሰ፤ አንዲቱም ዓይን የሌለችው፣ ድፍን ጥቁር። በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰውየውን ከይሁዳ ጋር ላሰልፈው? እጄ እምቢ አለ።

ስለዚህ ሁሉንም ፊት ለፊት አዞርኳቸው። ሚስተር ዋልተርን መሀል አድርጌ፣ ፎቶው ላይ የማይታየውን ጉንጫቸውን ከራሴ ፈጥሬ፣ ትልልቅ ዓይኖች አወጣሁላቸው። የቤቱ ደንብ መጀመሪያ አንድ ናሙና ለአለቃ ማሳየት ነበር። እኔ አርባውንም ጨርሼ፣ ፖስታው ውስጥ ከትቼ፣ አሽጌ ላክሁ። እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ነው ያሳበጠኝ። ትልቅ ክብር የሰጠኋቸው መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሚስስ ሩት ራሳቸው መጡ። አንዱን ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ «ይህ ማነው?» አሉኝ።

«ሚስተር ዋልተር ናቸው።»

«አይደለም።»

ስለ ጻድቁና ስለ ክፉው፣ ስለ አባቴም ሥርዓት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «መልካም አስበህ ነው፣ ገብቶኛል» አሉ። «ግን ይህን ሰው አላውቀውም።» ካርዱን ትተውት ወጡ። ሚስስ ዶሮቲ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ «ከነገ ጀምሮ ወደ ስም መጻፊያህ ተመለስ» አሉኝ።

ቤት ስገባ ጋሼ መኮንን ነገሩን ሰምተው ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቁም። «ስማ፣ ሶሪ በልና ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ። ጆብህን እንዳታጣ።» ልክ ነበሩ። እኔ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ጆቡ አልነበረም። የሴትዮዋ «አላውቀውም» ማለት ነው። አንድ ባሏን የቀበረች ሴት ባሏን ፈልጋ መጥታ፣ እኔ ሌላ ሰው ሰጠኋት። አፈርኩ።

በማግሥቱ ሚስስ ዶሮቲ ፊት ቆምኩ። «ያበላሸሁትን እኔው ልጠግነው። ቤታቸው ሄጄ ልጠይቃቸው።»

«ደንበኛዬ ከሄደች አንተም ትሄዳለህ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነበር።

ጥቁር ወረቀት፣ የሚስተር ዋልተርን ፎቶና ትንሿን መቀስ ይዤ በአውቶቡስ ኢስትሙር ሄድኩ። ደጃፉ ላይ የቆመች መኪና በረዶ ለብሳለች፤ ከቆመች የሰነበተች መሆኗ ያስታውቃል። ሚስስ ሩት ሳይገረሙ በሩን ከፈቱልኝ። ከደረጃው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ የእናታቸው፣ የአያታቸው፣ የልጆቻቸው የጎን ምስል በየክፈፉ ተሰቅሏል። ቆሜ አየኋቸው። አንዱም ይሁዳ አይመስልም ነበር።

«እንዴት አድርጌ ልሥራቸው?» አልኳቸው።

«መኪና የሚነዳው ሁልጊዜ እሱ ነበር» አሉ። «እኔ መንዳት አልችልም። ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ልጆቻችን ቤት፣ አርባ ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ነው የሄድኩት። ፊት ለፊት ምን እንደሚመስል አሁን አሁን ይጠፋብኛል። ይሄ ግን አይጠፋኝም።» በጣታቸው አየር ላይ አንድ አፍንጫ ሣሉ፤ መሀሉ ላይ ጎበጥ ያለ።

የወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ መቁረጥ ጀመርኩ። በዚህ ሥራ መቀሱ አይዞርም፤ የሚዞረው ወረቀቱ ነው። የመጀመሪያውን አሳየኋቸው፤ አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው አፍንጫው ቀና አለብኝ። ሦስተኛውን በፎቶው ላይ ስጭነው ልክክ አለ። እሳቸው ግን አሁንም፣ «ይመስላል… አዎ፣ ይመስላል» እያሉ ያመነታሉ። መምሰል ብቻውን ምን ያደርግላቸዋል?

ፎቶውን እንደገና አየሁት። የተነሡት በግራ ጎናቸው ነው።

«መኪናው ውስጥ እርስዎ የሚቀመጡት በየት በኩል ነበር?» አልኳቸው።

«በቀኙ ነዋ።»

የቆረጥኩትን ወረቀት ገልብጬ አስቀመጥኩት። ወደ ግራ ያይ የነበረው ፊት ወደ ቀኝ ዞረ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው እንደሚታየው። ሚስስ ሩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ወንበራቸውን ከወረቀቱ ጎን አስጠጉና ተቀመጡ። «ዋልተር» አሉ፣ ልክ ሰው እንደሚጠራ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

አርባውን ካርድ በአምስት ቀን እንደ አዲስ ሠራሁ፤ ናሙናውን መጀመሪያ ለሚስስ ዶሮቲ አሳይቼ። አፍንጫውን ለየካርዱ በእጄ ቆረጥኩ፤ ጉብታውን ለማንም አላስነካሁም። ገና ካለፈ በኋላ ሚስስ ዶሮቲ መጥተው፣ «ሔለን አትመለስም። ዕቃህን ወደ መስኮቱ አምጣ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ጡረታ እስክወጣ ከዚያ ጠረጴዛ አልተነሳሁም።

የአባቴን ሥርዓት አልተውኩትም። ለእኛ ሰዎች የገና ካርድ ስሠራ እስከ ዛሬ ፊት ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን ነው። የማንንም ሰው ፊት ከመቁረጤ በፊት ግን ካርዱን ያዘዘውን ሰው እጠይቀዋለሁ፦ ከየት በኩል ነበር የምታያቸው? ፎቶ ያንን አይናገርም። የሚያውቀው አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ነው።