ጋሽ ድርግምን ያስደነገጠው መብራት

ሰፈሩ ጋሽ ድርግም ነው የሚለው። ዕድሜ ልኩን መብራት ሲዘረጋ የኖረ ሰው በማጥፋት ስም ወጣለት። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የሰው ቤት ሲገባ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኑ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ይሄዳል። ከብሬከሮቹ መካከል ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ ያለው አንድ አለ። እሷን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርጋት ቤቱ ድርግም ይላል። "እሰይ፣ ነቅቷል" ይልና መልሶ ያበራዋል።

ይህ ብሬከር የሚጠብቀው የወጣው ኮረንቲ ሁሉ መመለሱን ነው። ጥቂቱ እንኳ መንገድ ስቶ በእርጥብ ግድግዳ ወይም በሰው ገላ ወደ መሬት ከፈሰሰ፣ ዓይን እስኪርገበገብ ሳይጠብቅ ያቋርጠዋል። ጋሽ ድርግም መሰላል ላይ ሆኖ ያንኑ ያንጎራጉራል፦

የወጣው በሙሉ ቤት ከተመለሰ፣
ማን ያለቅስ ነበር እንባ እያፈሰሰ።

ሴት ልጁ ስታገባ ኬኩ ሊቆረስ ሲል የሠርጉን አዳራሽ ድርግም አድርጎት ነበር። አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ይህን አልረሱለትም። እናም ሴት ልጁ የበኩር ልጇን ወልዳ ሊጠይቃት በመጣ ዕለት በር ላይ ያዘችው።

"አባዬ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ እጅህን ሰብስብ። እማማ መቀለጃ አደረጉኝ እኮ።"

"እሺ የኔ እናት። እጄ ኪሴ ውስጥ ታስሯል።"

እውነትም ታሰረ። አማቲቱ "ዛሬስ በሰላም መጡ?" ብለው ሲነኩት ሳቅ ብሎ አለፈ። ሕፃኑን ሊያቅፍ እጁን ለመታጠብ ሲገባ ግን፣ ቧንቧው ጣቶቹን እንደ ጉንዳን ነዘር አደረጋቸው። የውሃ ማሞቂያው ቀይ መብራት በርቷል። ከበስተኋላው ልጁ የሕፃኑን መታጠቢያ ሳፋ ይዛ እየመጣች ነው።

ቃሉን በላ። ሄዶ ቁልፏን ተጫነ።

ቤቱ ድርግም አላለም። ደግሞ ተጫነ፤ አምፖሎቹ ፍንትው እንዳሉ ናቸው። የዚያን ብርሃን ያህል ያስደነገጠው ጨለማ በዕድሜው አላየም።

"ውሃውን እንዳትነኪ!" ብሎ ዋናውን ማጥፊያ አወረደው።

"ምን ብዬ ነበር!" አሉ አማቲቱ ከጨለማው ሳሎን። "አመል ያወጣል ከማኸል!"

"እትዬ፣ ይሄን ብሬከር ማን ነካው?"

"እኔ ነኛ! ማሞቂያው በተከፈተ ቁጥር መብራቱ እየጠፋ መከራ ሲያበላን፣ ሠራተኛ ጠርቼ ሽቦውን በብሬከሩ ጎን አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።"

"ውሻው ሌባ አይቶ ሲጮህ አፉን አሰሩት እኮ!"

ማሞቂያውን ፈታው። ውስጡ ያለው ማሞቂያ ብረት ተሰንጥቆ ኮረንቲውን ውሃው ውስጥ ያፈሳል፤ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦም ዝጎ ተበጥሷል። አማቲቱ በባትሪ ብርሃን አዩት። ቀጥሎ ሳፋውን አዩ፣ ቀጥሎ ሕፃኑን። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

በማግሥቱ ብረቱንም ሽቦውንም ለውጦ አዲስ ብሬከር ገጠመ። ሲጨርስ እጁን ኪሱ ከተተ።

"አይሞክሩትም እንዴ?" አሉ አማቲቱ።

"ቃል ገብቻለሁ" አለና ልጁን አያት።

ሕፃኑን ለአማቷ አቀብላ ሄደች፤ ቁልፏን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገቻት። ድርግም!

"ነቅቷል፣ አባዬ።"

"ከነቃማ አብሪው" አሉ አማቲቱ ከጨለማው ውስጥ። "ይሄን ልጅ በጭንቅላቱ ይሁን በእግሩ እንደያዝኩት እንኳ አላውቅም።"