የፔዳሉን አቧራ የጠረግኩ ቀን

ልጆቹ «እማማ፣ እርስዎ ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ሦስት ሆነው ባንድ እናቋቁማለን ይላሉ። ያንን ብዙ ድምፅ በአንድ ሳጥን የያዘ ርካሽ የጊታር ፔዳል እንግዛ አንግዛ እያሉ ሲጨቃጨቁ ከርመው፣ የልጅ ልጄ ድሮ በእሱ ትጫወት እንደነበር ትዝ አላቸው። እሷ አሁን ከባንዷ ጋር ክፍለ ሀገር ናት። እኔ ጊታር ነክቼ አላውቅም፣ ፊደልም የለየሁት በእርጅናዬ ነው። ግን ከሳጥኑ ጋር በአንድ ክፍል ኖሬያለሁና የማውቀውን ላውራ።

በርበሬ የምሸጠው በርበሬ በረንዳ ገበያ ውስጥ ነው። ቤቴም ከዚያ አይርቅም፤ ከጎረቤት የሚለየን ቀጭን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ልጅቷ ጊታሯን ከአምፕሊፋየር ጋር ያገናኘች ቀን ጎረቤቴ ግድግዳውን በጡጫ ይደበድባል። «እትዬ፣ ይቺን ልጅ ወይ ይዳሯት ወይ ያስተኟት!» ይለኛል። ሳጥኑ ሲመጣ ጭቅጭቁ ቀረ። ማዳመጫ ሰክታበት ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ ቤቱ ጸጥ። ይሄ ደግነቱ ነው፣ አልክድም።

አንድ ቀን ማዳመጫውን ለእኔ አድርጋልኝ አሰማችኝ። በእግሯ ረገጥ ስታደርገው ጊታሩ ባዶ መጋዘን ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ሆነ። ደግማ ረገጠችው፤ ወፍጮ ሆነ፣ ዛላው ሲገባበት እንደሚያጉረመርመው የኛው የበርበሬ ወፍጮ። ከበሮ መቺም ውስጡ አለ፣ ሳይደክመው ይመታላታል።

«ይሄን ሁሉ ለየብቻው ብትገዢውስ?» አልኳት።

«በርበሬሽን ከነበረንዳው ብትሸጪው አይበቃም፣ እማዬ።»

ክፋቱስ? ክፋቱ ድምፁ መብዛቱ። ያቺ አንዱን ዜማ እስኪወጣላት የምትደጋግም ልጅ፣ ጎንበስ ብላ የሳጥኑን ማዞሪያ ስታዞር ትውል ጀመር። ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ፣ አዳምጣ ታኮርፋለች። ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ እሷ በረገጠችው ቁጥር የምሸማቀቀው እኔ ነኝ። ከራሱ አዳፕተር ሌላ አይወድም። መብራት ከጠፋ ድንጋይ ነው። የኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው፤ ማዳመጫው ከመጣ ወዲህ ልጄን መስማት ቀረ። የሚደርሰኝ የጊታሩ ክር ቲክ ቲክ ሲል ብቻ ነው፤ እንደቀናት ወይም እንደጠመመባት ከፊቷ እገምታለሁ። እናንተም ብትገዙት፣ አንዳንዴ ማዳመጫውን እየነቀላችሁ አሰሙን።

አንድ የሙዚቃ ባንድ «አርብ ከሰዓት መጥተሽ ተፈተኚ» አላት። «ይሄም ካልሆነ ጊታሩን ሰቅዬ ካንቺ ጋር በርበሬ እሸጣለሁ» አለችኝ። እሷ እኮ በርበሬ ገና ከሩቅ ሲሸታት ነው እንባዋ የሚወርደው። ለፈተናው ሦስት ድምፅ ሁለት ሳምንት ሙሉ አዘጋጀች።

አርብ ጠዋት ክር ልትገዛ ወጣች። ሳጥኑ ሶኬቱ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በኛ ቤት ሁሉ ነገር ቀይ አቧራ ይለብሳል፤ በየጠዋቱ ሚዛኑን፣ ሬዲዮኑን፣ የወንበሩን እግር ሳይቀር እጠርጋለሁ። ሳጥኑንም በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት። አምስት ማዞሪያ አለው፣ እያንዳንዱ ነጭ መስመር አለበት፤ አንዱ ወደ በሩ ያያል፣ አንዱ ወደ አልጋው፣ ሌላው ወደ ጣራው። እኔ ሱቄ ላይ የኬሻ አፍ ተዛብቶ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሁሉም ወደ ገዢው መዞር አለበት። «ምን የተዘበራረቀ ነገር ነው» ብዬ አምስቱንም ወደ መስኮቱ መለስኳቸው። ደስ አለኝ እንኳ።

መጣች፣ በጥድፊያ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ሄደች።

ሚጥሚጣ እየሰፈርኩ ሳለ ነው የገባኝ። ያን ሁለት ሳምንት ጎንበስ ብላ ታዞር የነበረው እነሱን ነዋ! ስልኳን ብሞክር ዝግ ነው። ሱቁን ለጎረቤት ሻጭ ትቼ ወጣሁ።

የሚፈትኗት አዳራሽ ከአንዋር መስጊድ ወዲያ ነው። ቀኑ ደግሞ አርብ፤ አስፋልቱ ሁሉ ሰጋጅ ሞልቶታል። በሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍም። ቆምኩ። የማውቀው ወጣት ነጋዴ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ሰጠኝ።

«ማዘር፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«የልጄን እንጀራ ሳልገድል አልቀረሁም።»

«አይዞሽ፣ ሶላቱ ሳያልቅ መንገድ የለም። ቁጭ በይ።»

መቀመጥ እንዴት ይቻላል? ቆሜ፣ ከነሱ ጸሎት መሃል የኔንም አስገባሁ። ሰዉ መበተን ሲጀምር በትከሻ እየተጋፋሁ አለፍኩ።

ስደርስ ጊታሯን አንግታ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ሳጥኑ እግሯ ስር ነው። ሰው አለ የለም ሳልል ከበሩ ጮህኩ፤ «አንቺ ልጅ፣ ማዞሪያዎቹን አስተካክያቸዋለሁ!»

የባንዱ ድራም መቺ «እሰይ፣ ቴክኒሻን መጣልን» አለ፤ ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። እኔን አየች፣ ሳጥኑን አየች። «እማዬ፣ ምንም አላበላሸሽም። ተቀመጪ።» ከዚያ የጊታሯን ገመድ ከሳጥኑ ነቅላ በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካችው። ሳጥኑን በእግሯ ገፋ አደረገችው። አለቀላት አልኩ፤ የደከመችበት ሁሉ በኔ ጨርቅ ተጠረገ።

ጀመረች። መጋዘን የለ፣ ወፍጮ የለ፣ ባዶ ክር ብቻ። መጀመሪያ ተደናቀፈች። እሷን ማየት አቅቶኝ የባንዱን መሪ ጫማ አየሁ። ጫማው ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ብዙ ዝም አለ። ቀስ ብሎ የጫማው አፍንጫ መነሳትና መውደቅ ጀመረ። ከስንት ወር በኋላ ልጄን እንደሰማኋት እንኳ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ስትጨርስ መሪው «ሰኞ ነይ» አላት።

ብታልፍም እኔ አልቀለለኝም። «ምንም አላበላሸሽም» ያለችኝ የአሮጊት ሀፍረት ለመሸፈን ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሳጥን አቧራው በጣት ቢያስጽፍም አልነካሁትም።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ከመንገድ ስትመለስ አዲስ፣ ትልቅ ፔዳል ይዛ መጣች። «እማዬ፣ እስቲ አቧራውን ጥረጊልኝ» ስትለኝ እጄን ሰበሰብኩ። ምክንያቱን ስነግራት ሳቋ አላቆም ብሏት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ለካ ድምፆቹ የሚቀመጡት በሳጥኑ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ማዞሪያውን ቀኑን ሙሉ ቢያዞሩት አንዱንም አይረሳም።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ገፋሽው?» አልኳት።

«እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። መርገጫውን የምስተው መስሎኝ ነው፣ እማዬ።»