ልጄን ከጀልባ ያወረድኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ነው። ዳንግላ ውስጥ እስከ ዛሬ እያነሱ ይስቁብኛል። እኔም የራሴን ልናገር ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

የሰፈራችን የማኅበር ሴቶች ጣና ላይ ወዳለው ደቅ ደሴት ደርሰን ልንመለስ ከባሕር ዳር አንድ ጀልባ ያለው አስጎብኚ ያዝን። አሥር ዓመት የሆናትን ልጄን ትዕግሥትን ይዣት ሄድኩ። እኔ ያደግኩት ጥርባ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። እዚያ ወደ ውኃው የቀረበ ልጅ ይገረፋል። ጀልባው ላይ የወጣሁት አማትቤ ነው።

ጠዋት ሃያ ሰው ነበርን። ከመስጠም የሚያድነው ላይፍ ጃኬት ግን አሥራ አራት ነው። አንዱን ለልጄ አለበስኳት፤ ለእኔ አልደረሰኝም። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ይሉኝታም ያዘኝና ያለ ጃኬት ሄድኩ።

ደሴቱ ደስ ይላል። መኪና ቀርቶ ጋሪ የለም። ልጄ "ታዲያ ገበያ በምን ይሄዳሉ?" ስትለው አስጎብኚው የደንገል ታንኳ አሳያት።

ስምንት ሰዓት ላይ ልንመለስ ስንል ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባውን ከድንጋዩ ጋር ያላትመዋል። አስጎብኚው ግን ወደ ከተማ የሚሻገሩ ስድስት ሰዎች ከነጆንያቸው ጨመረ። ልጄ ቀድማ ገብታ ተቀምጣለች። የጠዋት ጃኬቷን ሌላ ሰው ለብሶታል።

"እኔ በዚህ አልሄድም" አልኩ።

"እንግዲህ ጀመራት" አለች ጎረቤቴ እታገኝ። "አንጓች እኮ ቦይ ስትሻገርም ታማትባለች።"

ሁሉም ሳቁብኝ። አስጎብኚውም "እናቴ፣ የጀልባውን ነገር ለተማረ ይተዉት" አለኝ።

"እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። መቁጠር የሚያስተምሩት አንደኛ ክፍል ነው። እስቲ ሰዉንና ጃኬቱን ቁጠር።"

አልቆጠረም። ወደ ልጄ ዞሮ "አንቺ ተቀመጪ፤ እናትሽ ስንነሳ መግባቷ አይቀርም" አላት። ያን ጊዜ በአዊኛ ውረጂ አልኳት። ቤት ውስጥ አዊኛ የምናገረው ስቆጣ ብቻ ነው። እያለቀሰች ወረደች።

ጀልባው ጥሎን ሄደ። ሐይቁ ዳር ማንጎ የምትሸጥ አንዲት ሴት ቤቷ ወስዳ አሳደረችን። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም፤ ባለቤቴ ወሬውን የሰማው ከእታገኝ ነው። በማግስቱ ነፋሱ ሲበርድ ዘጠኝ ሰው በጫነ ጀልባ ተመለስን። ልጄ ዳንግላ እስክንገባ ከእኔ ርቃ ተቀመጠች።

ያ ጀልባ በሰላም ደርሷል። አንድም ሰው አልተነካም። የሚስቁብኝም ለዚህ ነው። በደህና በመግባታቸው እኔም ደስ ብሎኛል። ተሳስቼ ነበር ግን አልልም። ነፋሱ ራራላቸው እንጂ ጃኬቱ አልተጨመረም። ነገም ቢሆን አወርዳታለሁ።

ትዕግሥት አሁን ትልቅ ሆናለች። "ያን ቀን በሰው ፊት አሳፈርሽኝ" እያለች ትከራከረኛለች። ትከራከረኝ።