ፊቷ ላይ ያደረግሁት ቢጫ አበባ

ባለፈው እሑድ የልጄን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ስለጥፍ ፊቷን በቢጫ አበባ ምስል ሸፈንሁት። ብዙ እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ልጅን ዓይን እንዳይበላት ነው። ስልኩን ሳስቀምጥ ግን አንድ የቆየ ጥቅምት ትዝ አለኝና ቀኑን ሙሉ ደስ ሳይለኝ ዋልሁ።

ያኔ ቡሬ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። በርበሬ በየመንገዱ ዳር ተሰጥቶ፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ያስነጥሰን ነበር። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን ለማንም አልነገርሁም። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። የተወለድሁበት የማንኩሳ ገጠር ሰው ወጡን በእናቴ ድስት ይሠራል፣ ጠላውን በእናቴ ጋን ይጠምቃል፤ እናቴን ግን ከደጁ አያሳልፋትም። እኔስ ብሆን ምን እሻላለሁ? ስትደውልልኝ ጓደኞቼ እንዳይሰሙ ከመኝታ ክፍል ወጥቼ ነበር የማነጋግራት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለች።

«የእትዬ ጥሩዬ ልጅ ታሟል» አለችኝ። «ሲያጥኑት ስሜን ጠራ አሉ። የነጠላዬን ጫፍ ቆርጠው ወሰዱት።»

በላ የተባለ ሰው ልብስ ተቆርጦ ለበሽተኛው ይጤሳል፤ በጢሱ ይድናል ተብሎ።

«ጤና ጣቢያ ውሰዱት በያቸው እንጂ!»

«እኔን ማን ይሰማኛል፣ ልጄ? ከሞተ ቤቱን በላይሽ ላይ እናነደዋለን ብለዋል። አንቺ እንዳትመጪ።»

ማንን ይሰማሉ ብዬ አሰብሁ። አንዲት የፍኖተ ሰላም ተወላጅ ተዋናይት ነበረች፤ ድራማዋ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አገሬው ሥራ ፈትቶ ነበር የሚያየው። ያን ሰሞን በውጭ አገር ጥቁሮች በቀለማቸው ተገደሉ ተብሎ ሰልፍ ይወጣ ነበርና ተዋናዮቻችንም በፌስቡክ ድጋፋቸውን ይገልጹ ነበር። እሷ ትንሽ ልጇን ካርቶን አስይዛ ፎቶ አንስታት ለጥፋለች። ካርቶኑ ላይ «ሰውን በተፈጠረበት መልክ አትፍረዱበት» ይላል። ሳነበው አለቀስሁ። ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማን እንደሆንሁ ለሰው ጻፍሁ። «እህቴ፣ የአገርዎ ልጅ ነኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ሰው አትበላም። የታመመውን ልጅ ሐኪም ቤት ውሰዱት ብለው አንድ መስመር ይጻፉልን፤ እርስዎን ይሰማሉ። ልጅዎ እንዴት ታምራለች! እግዚአብሔር ያሳድግልዎ።»

ምነው ያችን መጨረሻ ባልጻፍሁ።

መልእክቱ መነበቡን ስልኬ አሳየኝ። ጠበቅሁ። የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየፈለፈልሁ ስልኬን ደጋግሜ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ገጿን ስከፍት ፎቶውም ካርቶኑም እንዳለ ነው። የልጅቱ ፊት ብቻ በቢጫ አበባ ተሸፍኗል። ደግሜ ልጽፍላት ብሞክር መልእክቴ አልሄድ አለ፤ ዘግታብኛለች።

እናቴ አትምጪ ያለችኝን ትቼ በሚኒባስ ማንኩሳ ወረድሁና በጭቃው በእግሬ ሮጥሁ። ስደርስ ገና እሳት ያልገቡት ድስቶች ሁሉ ተሰባብረዋል፤ እናቴ ስብርባሪው መሃል ቁጭ ብላለች። የታመመውን ልጅ ከደምበጫ የመጣ አጎቱ ጤና ጣቢያ ወስዶት ኖሯል፤ ወባ ነበር፣ ዳነ። አገሬው ግን ያዳነው የነጠላዋ ጢስ ነው አለ። በመዳኑ ጥፋተኛነቷ ተመሰከረባት። በሳምንቱ ቤቷን ጥላ ቡሬ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ጭቃ በእጇ ነክታ አታውቅም።

ያችን ተዋናይት ለዓመታት ረገምኋት። በቴሌቪዥን ብቅ ስትል ተነስቼ እወጣ ነበር። አሁን ግን በምን አፌ?

ሰኞ ዕለት እናቴ ደወለች።

«ጎረቤቴ የልጅሽን ፎቶ አሳየችኝ። ፊቷን ምን ጋረደው?»

«ዓይን እንዳይበላት ነው፣ እማ» አልኋት፤ ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የሰማሁት።

 «የማን ዓይን?» አለችኝ።

 አበባውን አንስቼ ፎቶውን ለእሷ ላክሁላት። ፌስቡክ ላይ ያለውን አበባ ግን፣ ይኸው እስከ ዛሬ ላነሳው አልደፈርሁም።